የጣርማበር ድንጋዮች

ከዋሻው ወጥተን፣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ፣
ሰማያዊት ላዳችን ሞተች። ጉሙ ከምድር እስከ ሰማይ።
አባዬ በጉልበት መሪውን ጠምዝዞ ጥጉን አስያዛት፤
አንድ ጎማዋን ግን አስፋልቱ አልለቅ ብሎ አስቀራት።

እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ። ከጎኔ ትርሲት፤
ከእሷ ቀጥሎ ናሁ፣ አምስት ያልሞላው፣ ኳሱን እንዳቀፈ፤
ከዳር ደምስ፣ የጎረቤት ልጅ፣ አያቱ ዘንድ ሸዋሮቢት
እንድናደርሰው አደራ የተሰጠን፣
ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ቃል ሳይተነፍስ ሜዳውን ያለፈ።

ኮፈኑን የሚከፍት መስሎን ነበር። አልከፈተም።
ዞር ብሎ፣ "በቀኝ በር!" አለን። "በግራ ማንም አይወርድም።"
"ብርድ ነው አባዬ፣ እዚሁ እንቀመጥ" አለች ትርሲት።
"ብርድ የሚያመጣው ሳል ነው። ይቺ ቆርቆሮ ናት፣ አትመኪባት።"

አንድ ባንድ አወጣን፣ እንደ እንቁላል ከቅርጫት፣
ከተረተሩ ወዲያ፣ ጽዱ ሥር፣ ወደ ኋላ፣ ወደ መጣንበት።
"ለምን ወደ ኋላ?" ስለው፣
"የተመታ መኪና ወደፊት ነው የሚሄደው፤
ፊቱ የቆመውን ነው የሚበላው።"
ጋቢውን አራታችን ላይ ጣለው።

ከዚያ እኔን ለብቻዬ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኔን እያየ፦
"የናሁን እጅ አትያዢ። እጅ ያልበዋል፣ ይሾልካል፤
ስንቱ ከናቱ መዳፍ ተለየ።
አንጓውን ነው። እንዲህ።" ያዘኝ። እስካሁን ያ አያያዝ አለ፣
ሰዓት የሚታሰርበት ቦታ፣ አጥንቴ ላይ የዋለ።

ወርዶ ድንጋይ ለቀመ። ሠላሳ እርምጃ ሽቅብ ትንንሹን፣
ቀረብ ሲል ትልልቁን፤
የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ በላዩ ዘረጋ፣
የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዲወጋ።

መፍቻውን ከወንበር ሥር ሊያወጣ በሩን ሲከፍተው
ኳሷ ዱብ አለች፤ በላዳዋ ሆድ ሥር ሾልካ፣ አስፋልቱን ተያያዘችው።
ናሁ ጮኸ። ናሁ ዘለለ። ናሁ ሄዷል ማለት ይቻላል፤
አንጓው ብቻ ነው እኔ ዘንድ የቀረው። አንጓ ግን ይቆያል።
በሁለት እጄ ጎተትኩት። ነከሰኝ።
ነከሰኝ፣ አልለቀቅኩትም።

መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዋሻው አፍ፤ ቀጥሎ ሁለት ቢጫ ዓይን፤
ሲኖትራክ። ቅጠሉን ሲያይ ጠመዘዘ፣ አንዱን ድንጋይ ፈነጠቀ፣
የላዳዋን መስታወት ገጨና፣ ኳሷን
ጧ!
ቁልቁል ወረደ። ጡሩምባው ብቻ ጉሙ ውስጥ ራቀ።

አባዬ ወደ መኪናዋ አላየም።
ሮጦ መጥቶ በጣቱ ቆጠረን፣ አራት። አላመነም።
ደግሞ ቆጠረን። የደምስን ራስ ሁለት ጊዜ ነካው፤
የሰው አደራ ነው ለካ ከራስ ልጅ ይልቅ የሚከብደው።

ባንድ አይሱዙ ሹፌር ተልኮበት፣ ሰይድ መካኒኩ
ከደብረ ሲና በሞተር ሳይክል ደረሰ፤
ቺንጋ ቀየረ፣ የናሁንም እንባ በቅባት እጁ አበሰ።
ገባን። ተነሳን። ብርዱ ካጥንታችን ገና ሳይወጣ፣
ሃምሳ ሜትር ሳንሄድ አባዬ ቆመ፤ በሩን ከፍቶ ወጣ።
"ምን ሆንክ?"
"ድንጋዮቹ።"
ተናደድን። ርቦናል። መሽቷል። ናሁ ኳሴን ይላል።
በጉሙ ውስጥ ጎንበስ ቀና ሲል ጥላው ይታየናል፤
እያንዳንዱን አንስቶ ተረተሩ ሥር ያኖራል።
ሲመለስ እጁ ጭቃ። "ለኛ አጥር ነበር፤
ሌሊት ለሚመጣ ግን ወጥመድ ነው" አለ።
"ማን ያውቃል፣ ከኋላ ወንበሩ ናሁን የሚያህል ተኝቶ ካለ?"

አሁን የምነዳው እኔ ነኝ። የተተወ ድንጋይ ካየሁ፣
የአደጋ መብራቴን አብርቼ፣ ጥግ ይዤ እወርዳለሁ።
ናሁ ጢም አውጥቷል፣ በራስ ይበልጠኛል፤
ደብረ ብርሃን፣ መናኸሪያው ፊት፣ አስፋልት ስንሻገር ይሥቅብኛል፦
"አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ያየናል፣ ኧረ አንጓዬን..."
መኪና መጣ። ዝም አልኩ። አጠበቅኩ እጄን።